ከፌስታሉ የወጣ ሁሉ ዳይኖሰር አይደለም

የእህቴ ልጅ ሚጡ ዘንድሮ በዳይኖሰር ፍቅር ተለክፋለች። እናቷ ከመርካቶ፣ እዚያ ባልዲና ቴርሞስ ከሚሸጥበት ተርታ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ የፕላስቲክ ዳይኖሰር ገዝታላታለች። ቻይና ሥሪት ናቸው። አረንጓዴ አለ፣ ብርቱካናማ አለ፣ አንዱ ደግሞ እግሩ ተንሻፎ ካልደገፉት አይቆምም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ስሄድ በረንዳው ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። በርጩማ ሰጠችኝና ፈተናው ተጀመረ። «ይሄ ማን ይባላል?»

አንገተ ረጅሙ አላስቸገረኝም። ባለ ሦስት ቀንዱም፣ አፉን ከፍቶ የቆመው ቲ-ሬክስም እንደዚያው። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። አንዱ ክንፍ አለው። አንዱ በእግር ፋንታ አራት መቅዘፊያ ነው ያለው። አንዱ ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ከፌስታሉ ሥር ደግሞ አዞ ወጣ። ኧረ አዞ ራሱ፣ ያ የኦሞ ወንዙ! ፋብሪካው ቁጥር ለመሙላት ጨምሮት መሆን አለበት።

«አዞው ከነሱ ጋር ምን ይሠራል?» አልኳት።

«እሱም ዳይኖሰር ነዋ! አብሯቸው ነው የመጣው።»

«አይደለም።»

«ለምን?»

ይቺ «ለምን» ናት እንግዲህ የከነከነችኝ። ትልቅ ስለሆነ ነው ዳይኖሰር የሚባለው እንዳልላት፣ ዶሮ የሚያክሉ ዳይኖሰሮች ነበሩ። አስፈሪ ስለሆነ እንዳልላት፣ ብዙዎቹ ቅጠል በልተው ነው የኖሩት። ድሮ ስለነበረ እንዳልላት፣ የአዞ ዘርም ድሮ ነበረ። ቆዳው ቅርፊት ስለሆነ እንዳልላት፣ ላባ የለበሱም ነበሩ። እሷ በጣቷ የምትቆጥራቸው ምልክቶች በሙሉ አዞውን ያስገቡታል። «ሳይንቲስቶች ስላሉ» ብዬ ልገላገላት እችል ነበር። ግን የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ መልስ ከተቀበለች ሁለተኛ አትጠይቅም። ስለዚህ ቀጠሮ ወሰድኩ።

ሰባት ቤት መቁጠር

እኛ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ዘር ይቆጥራል። እስከ ሰባት ቤት። መልካቸው ተመሳሰለ አልተመሳሰለ ጉዳዩ አይደለም። መንታ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ባዳ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ቀይ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ድንክ አንዱ ሎጋ ሆነው ደግሞ የአንድ አያት ልጆች ይሆናሉ። ዳይኖሰርም የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። በመልክ ሳይሆን በዘር። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባል የለ?

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ባለ ሦስት ቀንዱን ትራይሴራቶፕስ በአንድ በኩል ያዙ። በሌላ በኩል ድንቢጥ ያዙ። አዎ፣ ጣራ ሥር የምትንጫጫዋን ድንቢጥ። ከሁለቱም ወደ አባት፣ ወደ አያት፣ ወደ ቅድመ አያት እያላችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ። የሆነ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ መገናኛ አያት የተወለደ ሁሉ ዳይኖሰር ነው። ካልተወለደ ደግሞ የፈለገ ቢያስፈራ አይደለም። ድንቢጧ እዚህ ምን ጥልቅ አደረጋት የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

ያ አያት የኖረው ከ230 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀደም ብሎ፣ ትራያሲክ በሚባለው ዘመን ነው። ግዙፍ እንዳይመስላችሁ። በደንብ ከሚታወቁት ቀዳሚ ዳይኖሰሮች አንዱ አርጀንቲና የተገኘው ኢኦራፕተር ነው። ርዝመቱ ጭራው ተቆጥሮ እንኳ 1 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ዓይነት ቤት ነው በኋላ 12 ሜትር የሚረዝመው ቲ-ሬክስ የወጣው።

የቤተሰቡ ዋና ምልክት ያለው ዳሌ ላይ ነው። ገበሎ ስትሮጥ አስተውላችሁ ከሆነ፣ እግሮቿ በግራና በቀኝ ወደ ጎን ወጥተው፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነው። ዳይኖሰር እንዲያ አልነበረም። እግሩ ከሰውነቱ ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ክብደቱም አጥንቱ ላይ ያርፋል። ለዚህ እንዲመች የታፋ አጥንቱ አናት ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። አናቱ የሚገባበት የዳሌ ጉድጓድ ደግሞ ግርጌ የለውም። ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቀዳዳ ነው። የእኛ የሰዎች ግርጌ አለው። የበግም አለው፣ የገበሎም አለው። የዳይኖሰር ግን ክፍት ነው። ይቺን ቀዳዳ ያዙልኝ።

ፈተናውን ያላለፉት

አሁን የሚጡን ፌስታል በዚህ እንፈትሸው።

ባለ ክንፉ ቴሮሶር ይባላል። ለዳይኖሰር የአጎት ልጅ ነው። በጣም የቀረበ ዘመድ፣ ግን ከዚያ አያት ያልወረደ። ክንፉ ላባ ሳይሆን የተወጠረ ቆዳ ነበር። ያን ሁሉ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘው አንድ ጣት ነው። አራተኛው ጣት፣ እኛ ቀለበት የምናደርግበት። ከትልልቆቹ አንዱ ኬትዛልኮአትለስ ክንፉን ሲዘረጋ 10 ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። በአንድ ጣት 10 ሜትር! ሳስበው ጣቴን ያመኛል።

ባለ አራት መቅዘፊያው ፕሌሲዮሶር ነው። የባሕር ተሳቢ ነው፣ ከዳይኖሰር ቤት ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። የመጀመሪያውን ሙሉ አፅም እ.ኤ.አ. በ1823 ከገደል ፈልፍላ ያወጣችው ሜሪ አኒንግ የምትባል የአናጢ ልጅ ናት። እንግሊዝ አገር፣ ላይም ሬጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ። የለንደኑ የጂኦሎጂ ማኅበር ሴት በአባልነት አይቀበልም ነበር። እሷ ያወጣችውን አጥንት ግን ወንዶቹ እየገዙ ይጽፉበት ነበር። ኤላስሞሶረስ የሚባለው ረጅሙ ፕሌሲዮሶር አንገቱ ላይ 72 አጥንት አለው። ቀጭኔ 7 ነው ያላት፣ እኛም 7። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኮፕ ይህን እንስሳ መጀመሪያ ሲገጣጥመው ጭንቅላቱን ጭራው ጫፍ ላይ አድርጎት ነበር። ያን ያህል አንገት ሊኖር ይችላል ብሎ ማን ይገምታል?

በዚያው ባሕር ኢክቲዮሶር የሚባሉም ነበሩ። ልጅ ሲወልዱ እንዳሉ ድንጋይ ሆነው የቀሩ እናቶች ተገኝተዋል። ሞሳሶሮች ደግሞ ከዳይኖሰር ይልቅ ለአርጃኖና ለእባብ ይቀርባሉ። እነዚህ ሚጡ ፌስታል ውስጥ የሉም፣ እንለፋቸው።

ባለ ሸራው የባሰበት ነው። ዲሜትሮዶን ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ዳይኖሰሮች ሲመጡ እሱ ከጠፋ አርባ ሚሊዮን ዓመት ገደማ አልፎት ነበር። ዘሩ ሲቆጠር ደግሞ በእኛ በኩል ነው። አጥቢ እንስሳት የወጡበት ትልቁ ጎሳ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ያ ሸራ የተሸከመ አውሬ ከቲ-ሬክስ ይልቅ ለሚጡ ይቀርባል። ይህን ስነግራት ፕላስቲኩን አንስታ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እኔን አይመስልም» አለች። እውነቷን ነው፣ ግን ዘር በመልክ አይቆጠርም ተባብለናል።

የአዞው ጉዳይ ከሁሉም ይረቅቃል። የአዞና የዳይኖሰር ቤት ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጋራ አያት ነበራቸው። ከዚያ ተለያዩ። የአዞ ወገን በአንድ በኩል፣ የዳይኖሰርና የቴሮሶር ወገን በሌላ በኩል ሄደ። አዞ ዳይኖሰር አይደለም፣ ባዳም አይደለም። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለአዞ የሚቀርበው ማን ነው ብትሉኝ፣ እንሽላሊት አይደለም። ወፍ ነው።

ይህን ሁሉ ሚጡ በጥሞና ሰማች። የዳሌውን ቀዳዳ ነገር ግን ፕላስቲክ ላይ ማሳየት አይቻልም። ፕላስቲክ ዳሌ የለውም።

ቅዳም ሹር

ፋሲካ ሲደርስ ሁላችንም እናቴ ቤት ተሰበሰብን። ዶሮውን ያረድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የእናቴ ግዛት ነው። በፈላ ውሃ ነክራ ላባውን ነጨችው። በእሳት ለበለበችው። ቆዳውን ገፈፈች። ሰፊውን ሳፋ ፊቷ አድርጋ፣ ሎሚና ጨው አጠገቧ አስቀምጣ ብልት ማውጣት ጀመረች። አሥራ ሁለት ብልት፣ አንድም ሳይጎድል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክብር እንግዳ ነው። በዚህ ቀልድ የለም።

ሚጡና እኔ በርጩማ ይዘን አጠገቧ ተቀመጥን። መጀመሪያ እግሮቹ ከመገጣጠሚያው ተቆርጠው ወደ ጎን ተጣሉ። ሚጡ አንዱን አነሳች። እዚያ የተቆረጠው ቦታ ላይ ነጭ ጅማት ብቅ ብሎ ነበር። «ሳቢው» አልኳት። ሳበችው፣ ጣቶቹ ጭብጥ አሉ። ለቀቀችው፣ ተከፈቱ። ጮኸች። ደግማ ሳበችው። ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንዲት ትንሽ ጣት ወደ ኋላ። ላዩ በቅርፊት የተሸፈነ፣ ጫፉ ጥፍር። ቲ-ሬክስን ከፌስታሉ አምጥታ እግሩን ከእግሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ፋብሪካው ለካ እግሩን በትክክል ሠርቶታል። ሦስት ትልልቅ ጣቶች፣ አንዲት ትንሽ።

«ጉልበቷ ለምን ወደ ኋላ ይታጠፋል?» አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ያ ወደ ኋላ የሚታጠፈው የዶሮ ጉልበት አይደለም። ቁርጭምጭሚቷ ነው። ጉልበቷ ከላይ፣ ሥጋና ላባ ውስጥ ተደብቆ እንደኛው ወደ ፊት ነው የሚታጠፈው። ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ በጣቶቿ ቆማ ነው የምትሄደው። እነ ቲ-ሬክስም እንዲሁ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። እናቴ ታፋውን ይዛ ወደ ውጭ ስታጥፈው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ቀው አለና ወለቀ። የታፋው አጥንት አናት፣ ክብ፣ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ወደ ጎን ታጥፎ ወጣ። አናቱ የወጣበት ጉድጓድ ጀርባው ላይ ቀረ። «እማዬ አንዴ ቆይ» ብዬ ጀርባውን ከእጇ ወሰድኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ስስ ሽፋን ነበር፣ ከሽንኩርት ገለፈት የሳሳ። በቢላዋ ጫፍ ነካ አደረግሁት። ተበሳ። ከሥሩ አጥንት የለም። ወደ አምፖሉ አነሳሁት፣ ብርሃኑ በወዲያ በኩል ገባ።

ይህን ቀዳዳ በሥዕል ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። በቀስት ምልክት እየጠቆሙ «ዳይኖሰርን የሚለየው ይህ ነው» የሚሉ ሥዕሎች። ወፎች ከዳይኖሰር ወገን መሆናቸውንም አውቃለሁ፣ ዛሬ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ግን ማወቅና እጅ ላይ መያዝ ለየቅል ነው። ይህ ዶሮ ትናንት ጊቢ ውስጥ ጥሬ ሲለቅም ነበር። 230 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ምልክት ዳሌው ውስጥ ይዞ ነው ሲለቅም የነበረው። ስንት ዶሮ በልቻለሁ? በዚያ ሁሉ ዓውደ ዓመት ቀዳዳው እዚያው ነበር፣ በርበሬና ቅቤ ሞልቶት።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ? ሥጋውን አታበላሽብኝ!» አለች እናቴ።

ሚጡ ቀድማ መለሰችላት። «እማማ፣ ዶሮው ዳይኖሰር ነው!»

«በስመ አብ! ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ በዘንዶ ልፈታ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጀርባውን መልሼ ሰጠኋት፣ ከሌሎቹ ጋር በሎሚ ታሸ። እሷ ግን ወዲያው አልተወችውም። ሁለተኛውን ታፋ ስታወልቅ ቆም አለች፣ ጎንበስ ብላ አየችው። «እውነትም ይቺ ቀዳዳ ናት» አለች ለራሷ። ከዚያ ፈረሰኛውን ልታወጣ ስትል ራሷ አንድ አጥንት ነጥላ ሰጠችን። ደረቱ አናት ላይ ያለችው፣ ሁለት ቅርንጫፍ ያላት ቀጭን አጥንት። «ይቺስ? እነሱም አላቸው?» አለች። አላቸው። ቲ-ሬክስም ነበረው።

ልጅ ከቤተሰብ አይወጣም

ማታ ድስቱ ጉልቻ ላይ እያለ የቀረው ክርክር ይኸው ነበር። እህቴ «ዶሮ ከዳይኖሰር መጣች በሉ እንጂ ዳይኖሰር ናት አትበሉ» አለች። ምክንያታዊ ትመስላለች። እኔ ግን አልተስማማሁም። የልጅ ልጅ ልጅ አጭር ስለሆነ፣ ከተማ ስለገባ፣ ሥራ ስለቀየረ ከዘሩ አይወጣም። ዘር ቆጠራ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ ቆጠራ አይደለም። ወፎችን ካስወጣችሁ ቤተሰቡን በመልክ መለየት ጀመራችሁ ማለት ነው። አዞውም ይመለስ ይላችኋል።

ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1861 ጀርመን አገር፣ ዞልንሆፈን፣ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ አርኪዮፕተሪክስ ወጣ። 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው። ላባ አለው፣ ክንፍ አለው። ጥርስም አለው፣ ረጅም የአጥንት ጭራም አለው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃክስሊ ያኔውኑ ወፍና ዳይኖሰር ዘመድ ናቸው ብሎ ነበር። ሰሚው ግን ከጊዜ በኋላ ሳሳ። ነገሩን እንደገና ያስነሳው አሜሪካዊው ጆን ኦስትሮም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳይኖኒከስ የሚባል ቀልጣፋ አዳኝ አጥንት አጥንቱን ሲያጠና።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1996 መጣ። ቻይና፣ ሊያኦኒንግ ውስጥ፣ ሳይኖሶሮፕተሪክስ የሚባል ትንሽ ዳይኖሰር ከነለስላሳ ላባው ታትሞ ተገኘ። ወፍ አይደለም፣ አይበርም፣ ግን ላባ ለብሷል። ከዚያ ወዲህ ላባ የለበሱት ተራ በተራ ወጡ። ፊልም ላይ ሰው የሚያክል፣ መላጣ ቆዳ ያለው ሆኖ የምናየው ቬሎሲራፕተር እንኳ በእውነቱ ትልቅ ዶሮ መሰል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ክንድ አጥንቱ ላይ የላባ መትከያ ጉብታዎች ተገኝተዋል። ሚጡ ፌስታል ውስጥ ያለው ግን አሁንም መላጣ ነው። ፋብሪካው ዜናው አልደረሰውም።

ስለዚህ ዳይኖሰሮች ጠፉ ሲባል ወፍ ያልሆኑት ማለት ነው። ወፍ የሆኑት 11 ሺህ ገደማ ዝርያ ሆነው አሉ። ጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ረግረግ ሄዳችሁ እነዚያን አክሊል ያደረጉ ረጃጅም ወፎች እዩ። በቡና ጫካ ውስጥ የሚንጫጫውን፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስለውን ትልቁን ወፍ እዩ። እኔ አሁን አረማመዳቸውን ነው የማየው።

ተዋግተው የማያውቁ ተዋጊዎች

ሚጡ የምትወደው ጨዋታ ቲ-ሬክስንና ጀርባው ላይ ሳህን የደረደረውን ስቴጎሶረስን ማዋጋት ነው። ተገናኝተው አያውቁም። ስቴጎሶረስ የኖረው ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቲ-ሬክስ ደግሞ ክሪቴሺየስ የሚባለው ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት። በመካከላቸው 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለ። ከቲ-ሬክስ እስከ እኛ ግን 66 ሚሊዮን ነው። ቲ-ሬክስ ከስቴጎሶረስ ይልቅ ለእኛ ዶሮ ወጥ ይቀርባል።

ማብቂያቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አለት ከሰማይ መጥቶ ዛሬ ሜክሲኮ የምንላት አገር ዩካታን ላይ ወደቀ። ቺክሹሉብ የሚባለው ጉድጓድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ እኩሌታ ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ጉድጓዱ ሳይሆን የደረሱበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አባትና ልጅ፣ ሉዊስና ዋልተር አልቫሬዝ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጣሊያን ጉቢዮ ያለች አንዲት የጭቃ መስመር አጠኑ። ምድር ላይ ብርቅ የሆነ፣ ከጠፈር አለት ጋር የሚመጣ ኢሪዲየም የሚባል ብረት በዝቶባት አገኙ። ጉድጓዱ ከመታወቁ በፊት ተከሳሹን በአቧራው ለዩት።

እናቴ በ66 ሚሊዮኑ አትስማማም። የኖኅን መርከብ አንስታ ጠይቃኛለች፣ እኔም ፋሲካ ላይ ክርክር አልፈለግሁም። ቀዳዳውን ግን አይታዋለች።

ጅማ ሥር ምን አለ?

የሚጡ የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ነበር። እዚህ ጅማ ጊቢያችንን ብንቆፍር ዳይኖሰር እናገኛለን ወይ?

አናገኝም። ምክንያቱ ደግሞ ያምራል። አጋሮ መንገድ ላይ ተቆርጦ የሚታየው ቀይ አፈር፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ይህ የደቡብ ምዕራብ ደጋ በቅልጥ አለት ንብርብር የተሸፈነው ከ40 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን ቲ-ሬክስ ከጠፋ ቢያንስ 20 ሚሊዮን ዓመት አልፎታል። ቅሪተ አካል የሚቀመጠው ደግሞ ጭቃ፣ አሸዋና ኖራ ቀስ ብሎ በሚከመርበት ቦታ ነው። ቅልጥ አለት አጥንት አያስቀምጥም። ቡናችን የሚበቅልበት ቀይ አፈር ያ ድንጋይ በዝናብ ብዛት በስብሶ የሆነው ነው። ጅማ ዳይኖሰር አልደረሳትም፣ ቡና ደረሳት። እኔ በልውውጡ አልከፋኝም።

አባይ በረሃ ግን ሌላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትወርዱ ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ያልቅና ከሥሩ የድሮው ንብርብር ይጀምራል። አሸዋ ድንጋይ፣ ጭቃ ድንጋይ፣ ኖራ ድንጋይ። ኖራው በጁራሲክ ዘመን አገራችንን ባሕር ሸፍኗት እንደነበር ይናገራል። ከኖራው በላይ የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባለው አለ። ሙገር ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚመጣልን ሲሚንቶ ነው። በዚህ ጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ በኩል፣ የጁራሲክ መጨረሻ ላይ የኖሩ ዳይኖሰሮች ጥርሶች ተለቅመዋል። ሊ ሆልና ማርክ ጉድዊን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጽሑፍ የተለያየ ዓይነት ዳይኖሰር ጥርሶችን ዘርዝረዋል፣ ሥጋ በሊታዎች ያሉበት። ሉሲን የማያውቅ የለም። እነዚህን ጥርሶች ግን ስንት ሰው ሰምቷል? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

በዚያው ዘመን ታንዛኒያ ውስጥ፣ ተንዳጉሩ በሚባል ኮረብታ፣ ግዙፎቹ ይኖሩ ነበር። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ቆፈሩት። ቆፈሩት ስል ቆፋሪዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከ200 ቶን በላይ አጥንት በሰው ትከሻና ራስ ላይ ተጭኖ ለቀናት በእግር ተጉዞ ሊንዲ ወደብ ደረሰ። ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ የቆመው ጂራፋታይታን ከዚያ የሄደ ነው። ቁመቱ ከ13 ሜትር ይበልጣል። የአፍሪካን ዳይኖሰር ለማየት ቪዛ መጠየቅ ያናድደኛል፣ አልደብቅም።

ለሚጡ ትንሽ ከፍ ስትል አባይ በረሃ እንደምወስዳት ቃል ገብቼላታለሁ። እናንተም የምትሄዱ ከሆነ ትልቅ የእግር አጥንት አትፈልጉ። ጥርስ ፈልጉ። ጥርስ ከአጥንት ይጠነክራል። ዳይኖሰር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ይቀይር ስለነበር የጣለው ብዙ ነው። ያገኛችሁ ከመሰላችሁ አታንሱት። ባለበት ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ያልታወቀ ጥርስ ዕድሜው አይታወቅም፣ ኪስ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጨርሶ አይታወቅም።